ሱቅን ትቶ ወደ ጣና ደሴቶች ለዕረፍት ስለ መሄድ

በአራዳና በመርካቶ መካከል፣ በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም በሚጠራው ድልድይ አካባቢ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ የዓመቱን ቀኖች በሁለት ከፍሎ ይመለከታቸዋል፤ አንደኛው ሱቁ የተከፈተበት ቀን ሲሆን ሁለተኛው ሱቁ የተዘጋበት ቀን ነው። የተከፈተበትን ሁሉ እንደ ትርፍ፣ የተዘጋበትንም ሁሉ እንደ ኪሳራ ስለሚቆጥር፣ ለሐዘን ወይም ለሕመም ካልሆነ በቀር በፈቃዱ በሩን መቆለፍ ይከብደዋል። ስለዚህም ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አንድ ሳምንት እንኳ ሳያርፍ የኖረ ባለሱቅ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። እንዲህ ያለው ነጋዴ ከቤተ ሰቡ ጋራ ስድስት ቀን ያህል ወጥቶ በደሴት ለማረፍ ቢያስብ፣ አሳቡን በምን ስሌትና በምን ጥንቃቄ ሊፈጽመው እንደሚችል ከዚህ በታች ይብራራል።

ደሴት ሲባል የብዙ ሰው አሳብ አስቀድሞ ወደ ባሕር ይሄዳል። ዕድሜው የገፋ ነጋዴ በምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑትን የዳህላክ ደሴቶች ያስታውሳል፤ ከመቶ በላይ የሆኑት እነዚህ ደሴቶች ግን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ በሌላ አገር ወሰን ውስጥ ይገኛሉ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ተከፍቶ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋረጠ። ዛንዚባርና ሲሼልስ ያማሩ ደሴቶች መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ወደዚያ ለመሄድ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትና የውጭ ምንዛሪ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪን ነገር ደግሞ አስመጪው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በገዛ ብሩ፣ በገዛ ቋንቋው ለማረፍ ለሚሻ ሰው ቅርቡ የደሴቶች አገር ጣና ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ሲሆን፣ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉበት ይነገራል። አየሩ ከአዲስ አበባ ይሞቃል፤ እንደ ቆላም አያቃጥልም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአይሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ በየብስ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ሐይቁንና ዙሪያውን በዓለም የሕይወታዊ ጥበቃ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ከማናቸውም ስሌት በፊት ግን ስለ ሰላም መጠየቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የጦር ግጭት ምክንያት የየብሱ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት፣ የአይሮፕላኑም በረራ አንዳንድ ጊዜ ሲቋረጥ ታይቷል። ስለሆነም ቀን የሚቆርጥ ነጋዴ በዜና ብቻ ሳይወሰን፣ ባሕር ዳር ከሚኖር የንግድ ወዳጁ ዘንድ ደውሎ የከተማውን፣ የጀልባውንና የገዳማቱን ሁኔታ በየተራ መጠየቅ አለበት። ትኬቱንም ሲቆርጥ ቀኑን ለማዛወርና ገንዘቡን ለማስመለስ ያለውን ደንብ አስቀድሞ ይረዳ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ ዓመት ማሻገር ዕቃን ከጎርፍ ቀን ወደ ደረቅ ቀን እንደ ማሻገር ይቆጠራል እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። እንበልና አቶ እገሌ በድልድዩ አጠገብ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ 12 ዓመት ሱቃቸውን በፈቃዳቸው ዘግተው አያውቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ እገሊት ልጃቸው ታሞ በነበረበት ጊዜ ለዘጌዋ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት የተሳሉት ስለት አለባቸው፤ ልጁ ድኖ አድጓል፤ ስለቱ ግን ከዓመት ዓመት ሲዛወር ቆይቷል። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሱቁ።

አቶ እገሌ በቀን 20,000 ብር የሚሸጡ ቢሆንና በመሥሪያ ቀን ለአምስት ቀን ቢዘጉ፣ በልባቸው የሚያስቡት ኪሳራ 100,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የሱቁን ኪራይ ይጨምሩበታል፤ በመጨረሻም ትኬቱንና ጀልባውን ሲደምሩ ጉዞው ከሠርግ ድግስ የሚበልጥ ወጪ መስሎ ይታያቸውና ይተዉታል። ይህ ስሌት ግን ሁለት ስሕተት አለበት።

የመጀመሪያው ስሕተት ሽያጭን ከትርፍ ጋራ ማደባለቅ ነው። ሱቅ በተዘጋ ጊዜ ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ይቆያል እንጂ አይጠፋም። የሚቀረው በዕቃው ላይ ይገኝ የነበረው ትርፍ ብቻ ነው። አቶ እገሌ ከመቶ ብር ሽያጭ የዕቃው ዋጋ ሲነሣለት 12 ብር የሚተርፋቸው ከሆነ፣ የአንድ ቀን ጉድለት 2,400 ብር፣ የአምስት ቀን ደግሞ 12,000 ብር ነው። ከዚህም ላይ ድስት ወይም ብርድ ልብስ ለመግዛት የመጣ ሰው ሁሉ ሱቁ ስለ ተዘጋ መግዛቱን አይተውም፤ ከፊሉ ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ግማሹ ቢመለስ እውነተኛው ጉድለት 6,000 ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ነጋዴ በእነዚህ ምትክ የገዛ መዝገቡን ቁጥር ማስገባት አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ኪራዩን ደግሞ መቁጠር ነው። ኪራይ ሱቁ ቢከፈትም ቢዘጋም የሚከፈል ነው፤ ይከፈልም የነበረው ከዚያው ከዕለቱ ትርፍ ነው። የቀረውን ትርፍ በሙሉ በጉድለት ከጻፉ በኋላ ኪራዩን እንደገና መጨመር አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ይህን ስሕተት በየዓመቱ መዝገብ የሚዘጉ ሰዎች እንኳ ሲፈጽሙት ይታያል።

ነገር ግን ይህ ስሌት ለሁሉ ንግድ አንድ ዓይነት አይሠራም። አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ዕቃው ስለሚበላሽ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥም ደንበኛው ዛሬውኑ ስለሚፈልግ፣ የሚመለሰው ገዢ ጥቂት ነው። ለእነዚህ ትልቁ ፍርሃት የአምስት ቀኑ ትርፍ ሳይሆን ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ገብቶ በዚያው መልመዱ ነው። መድኃኒቱ ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ ለቋሚ ደንበኞች መንገር፣ በበሩም ላይ የሚከፈትበትን ቀን በጉልህ ጽፎ መለጠፍ ነው። «በቅርቡ እንከፍታለን» የሚል ጽሑፍ ለደንበኛ ምንም አይነግረውም፤ ቀኑ ይጻፍ። ከጎረቤት ነጋዴ ጋራም ተነጋግሮ፣ ዘንድሮ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ቢያስተናግድ ለከርሞ ብድሩ እንዲመለስ መስማማት በገበያችን የታወቀ ደግነት ነው።

ቀን ስለ መምረጥ ደግሞ ሁለት የዘመን መቁጠሪያዎችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ የንግዱንና የሐይቁን። በንግዱ በኩል የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን የሚዘጋበት አይደለም፤ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወራትም ለቤት ዕቃ ነጋዴ መከር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ገበያው ቢቀዘቅዝም የግብሩ ጣጣ አለ። በሐይቁ በኩል ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ማዕበሉ ያውካል። ሁለቱን አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው የየካቲት ሁለተኛ አጋማሽና የመጋቢት መጀመሪያ ተስማሚ ሆነው ይገኛሉ።

በዚህ ላይ በአቶ እገሌ ቤት ክርክር ተነሣ። እሳቸው የየካቲት 23 የዐድዋ በዓል የመሥሪያ ቤቶች መዘጊያ ስለ ሆነ፣ ያን ቀንና አንድ እሑድን ወደ ጉዞው አስገብተው አንድ የገበያ ቀን ለማትረፍ አሰቡ። ወይዘሮ እገሊት ግን የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ ክብረ በዓል የካቲት 16 ስለ ሆነ ስለታቸውን በዕለቱ ለማድረስ ፈለጉ። ቀድሞ ቢሆን ነገሩ «ሱቁስ?» በሚለው ቃል ይዘጋ ነበር። አሁን ግን የአንድ የገበያ ቀን ዋጋ በወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ቢበዛ 2,400 ብር ነው። አቶ እገሌ ወረቀቱን ጥቂት ካዩ በኋላ የካቲት 14 ቀን እንዲነሡ ተስማሙ። የክብረ በዓሉ ሰሞን ተጓዡ ብዙ ስለ ሆነ ማደሪያውንና ጀልባውን ከወር በፊት መያዝ ግድ ይላል፤ አንዳንድ ዓመትም በዓሉ በጾሙ ውስጥ ስለሚውል ምግቡ የጾም መሆኑ ይታሰብበት።

ሱቁን ፈጽሞ ከመዝጋት ይልቅ ለሠራተኛ አደራ ሰጥቶ መሄድ ለሚመርጥ ነጋዴ ትልቁ ሥራ ርክክቡ ነው። አቶ እገሌ ሱቁን ለእኅታቸው ልጅ ለመተው ባሰቡ ጊዜ ወጣቱ አስቀድሞ የጠየቃቸው ስለ ደመወዙ አልነበረም፤ «ጋሼ፣ የጎደለ ቢገኝ በማን ላይ ነው የሚወድቀው?» አላቸው። ጥያቄው የድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ዘመድና ዘመድ የተቀያየመበትን ጉዳይ የነካ ነው። በቃል የተሰጠ አደራ ዕቃ ቢጎድል ተቀባዩን ሌባ፣ ሰጪውን ተጠራጣሪ ያደርጋል። ስለዚህ ከመነሻው ዋዜማ ማታ ሱቁ ተዘግቶ ዕቃው በሁለቱ ፊት ይቆጠር፤ ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ በዱቤ የወጣ ዕቃና የባለዕዳው ስም፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የመጨረሻው ዋጋ በዚያው ይመዝገብ። በነጋዴው አለመኖር ለማንም አዲስ ዱቤ እንዳይሰጥ ማዘዝ ወጣቱንም ከሐፍረት ያድነዋል፤ «ጋሼ ሲመጡ» ብሎ መመለስ ይቀለዋል።

የገንዘቡ ነገር በዘመናችን አንድ አዲስ ችግር አምጥቷል። ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ በባለሱቁ ስልክ ሲከፍል፣ ስልኩ ከባለቤቱ ጋራ ሐይቅ ላይ ከሆነ ሱቅ ያለው ሰው ገንዘቡ መግባቱን አያውቅም። አታላይም ይህን አይቶ የገባ የሚመስል የሐሰት መልእክት በስልኩ ያሳያል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ለሱቁ የራሱ የነጋዴ መቀበያ ቁጥር ወጥቶ፣ የማረጋገጫው መልእክት ሱቅ ውስጥ በሚቀር ስልክ እንዲደርስ ማድረግ ያሻል።

ስለ ቼክ ደግሞ በአጽንኦት መናገር ይገባል። አንዳንድ ነጋዴ ለመሄድ ሲቸኩል ገንዘቡ ያልተጻፈበትን ቼክ ፈርሞ ለሠራተኛው ይተዋል፤ ይህ የመጋዘን ቁልፍ በመንገድ ላይ እንደ መጣል ነው። ከዚህ የማያንሰው አደጋ ቀድሞ የተሰጠ ቼክ በጉዞው ሳምንት ለባንክ ሲቀርብ በሒሳቡ በቂ ገንዘብ አለመኖሩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን በወንጀል ይቀጣል፤ በቸልተኝነት የተፈጸመውንም አይተወውም። ባለሱቁ በደሴት ላይ ነበርኩ ቢል ቼኩ ስንቅ አይሆንለትም። ስለዚህ የቼኩን ጉርድ ገልጦ በእነዚያ ቀኖች ሊቀርቡ የሚችሉትን መደመርና ገንዘቡን አስቀድሞ ማስገባት ያስፈልጋል። አስመጪ የሆነም ሰው መርከቡ ጅቡቲ የሚደርስበትን ቀን ሳያይ ትኬት አይቁረጥ፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ የተቀመጠ ኮንቴይነር ባለቤቱ በዕረፍት ላይ መሆኑን አያውቅምና ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። ሰነዱን የሚያንቀሳቅስለት የጉምሩክ አስተላላፊ ውክልናው የጸና መሆኑን አረጋግጦ ይሂድ።

ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ ጀልባው ይዞራል። ሞተር ጀልባ በአብዛኛው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሙሉ የሚከራይ ስለ ሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሰቦች ተባብረው ቢይዙት የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ውሉ ጭነት እንደሚከራይ ሰው ሆኖ መያዝ አለበት፤ የትኞቹ ደሴቶች እንደሚጎበኙ፣ በየደሴቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ የገዳማቱ መግቢያ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይነገር። ለልጆችም ጭምር የመንሳፈፊያ ጃኬት በጀልባው ላይ መኖሩ በዓይን ይታይ፤ «አለ» መባሉ አይበቃም። የሐይቁ ጥልቀት ከፍ ባለበት ቦታ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ማለት ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ ፈጥኖ ይቆማል ማለት ነው። ማለዳ ሐይቁ እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ስለዚህ በጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ሩቁን ደሴት በማስቀደም፣ ነፋሱ ሳይበረታ ወደ ባሕር ዳር መቅረብ የአካባቢው ጀልበኞች ልማድ ነው። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም አብዝቶ ያስቸገረው የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄደውን ያን ያህል አያግደውም።

አቶ እገሌ መጀመሪያ ያወጡት ዕቅድ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነውን ክብራን ገብርኤልን፣ ቀጥሎም ዳጋ እስጢፋኖስን የሚያስጎበኝ ነበር። ዳጋ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል ዐፅም የሚገኝበት ስለ ሆነ ታሪክ ለሚወድ ሰው የሚናፍቅ ቦታ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ወይዘሮ እገሊት ዕቅዱ ሲነበብላቸው ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «እርስዎ ከወንዶቹ ልጆች ጋራ ወደ ደሴቱ ሲወጡ እኔና ልጅዎ ጀልባው ላይ ልንቀመጥ ነውን?» አሉ። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከወደቡ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የጀልባው ኪራይ ተከፍሏል፤ ቀኑም ሄዷል።

ዕቅዱ እንደገና ተጻፈ። በክብረ በዓሉ ዕለት ወደ ዘጌ ይሄዳሉ፤ ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴቶችን ይቀበላሉ፤ የኡራ ቤተ መቅደስ ዙሪያው በሥዕል የተሸፈነ ስለ ሆነ ልጆች ያነበቡትን ታሪክ በዓይናቸው ያያሉ። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። በአካባቢው ትውፊት ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በረከት ጋራ የተያያዙ ናቸው፤ ነጋዴ በዕረፍቱም ዓይኑን ከንግድ አያነሣምና፣ አቶ እገሌ የዘጌን ቡና በእጃቸው ዘግነው ዋጋውን ሳይጠይቁ እንደማይመለሱ ይገመታል። በማግሥቱ ለሴቶች ክፍት ወደ ሆነችው፣ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት በ18ኛው መቶ ዓመት ወዳሠሯት ወደ ናርጋ ሥላሴ ለሦስት ሰዓት ያህል ይቀዝፋሉ። ዳጋ በዚያው አቅራቢያ ስለ ሆነ ወንዶቹ ደርሰው እስኪመለሱ እናትና ልጅ በናርጋ ግቢ ዛፎች ጥላ ሥር ያርፋሉ። ሦስተኛው ቀን ምንም ያልተጻፈበት ነው፤ ይህንም ወይዘሮ እገሊት ናቸው ያዘዙት።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ይበቃል። በሐይቁ ዳርቻ ባለው ውኃ ብልሃርዝያ ስለሚገኝ በባዶ እግር መግባትና መዋኘት አይገባም፤ ልጆችን መጠበቅ ነው። ባሕር ዳር የወባ አገር ስለ ሆነ አጎበር ያለው ማደሪያ ይመረጥ፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንቶችም ትኩሳት የያዘው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ሳይተኛ ይመርመር።

የመመለሻውን ቀን ሱቅ ከሚከፈትበት ቀን አንድ ቀን ማስቀደም ልማድ ሊሆን ይገባዋል፤ በረራ ይዘገያል፣ መንገድም ይዘጋል። በበሩ ላይ የተጻፈው ቀን ሲደርስ በሩ ተዘግቶ የተገኘ እንደ ሆነ ደንበኛው ሁለተኛ ያን ጽሑፍ አያምንም። አቶ እገሌ ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ማለዳ በሩን ለገዢ ሳይከፍቱ ከእኅታቸው ልጅ ጋራ ዝርዝሩን ይዘው ዕቃውን እንደገና ይቆጥራሉ፤ የተሸጠው ከደረሰኙ፣ ገንዘቡ ከመቀበያው ቁጥር ጋራ ይመሳከራል። ከዚያም ሁለቱ በሁለቱም ቅጂ ላይ ይፈርማሉ፤ አንዱ ቅጂ በወጣቱ እጅ ይቀራል።